ዋሻ መግባት፦ የሚባለውና እውነታው

«ዋሻ የሚገባ ሰው ወይ ደፋር ነው ወይ እብድ»

የዋሻ ክለብ አባላት ብዙውን ጊዜ ጠንቃቃ፣ እንዲያውም ትንሽ ነዝናዛ ሰዎች ናቸው። ከመግባታቸው በፊት ደመናውን ያያሉ፣ ገመዱን ይፈትሻሉ፣ የባለይዞታውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ጠባብ ቦታ ላይ «እኔ ይቅርብኝ» ያለ ሰው አይሾፍበትም። ጉዞው በደካማው ሰው አቅም ነው።

«አንድ የእጅ ባትሪ ይበቃል»

የተለመደው ሕግ ለአንድ ሰው ሦስት መብራት ነው። ዋናው ሄልሜት ላይ ይታሰራል፣ እጅ ለመያዣ ይፈለጋላ! ስልክ ከሦስቱ አይቆጠርም። የዋሻ ጨለማ ዓይን የሚለምደው ዓይነት አይደለም፤ መብራት ያጣ ሰው ያለው አማራጭ ባለበት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

«የሚያስፈራው ጣሪያው መደርመሱ ነው»

ሰው በብዛት የሚጎዳው ተንሸራቶ ሲወድቅ፣ ድንጋይ ከላይ ሲመታው፣ ሲበርደውና ውሃ ሲሞላበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ ውስጥ 12 ታዳጊ ኳስ ተጫዋቾችና አሠልጣኛቸው መውጫ ያጡት በዝናብ ጎርፍ ነው። ሁሉም ቢወጡም፣ ሊያድናቸው የገባ የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ ሞቷል። ዝናቡ ደጃፉ ላይ መዝነብ የለበትም፤ ራቅ ብሎ የዘነበውም ውስጥ ለውስጥ ይመጣል። ስለ ብርዱ ደግሞ፣ ጂንስና የጥጥ ልብስ እቤት ይቅር፤ ከረጠበ አይሞቅም።

«ልምድ ካለኝ ብቻዬን እገባለሁ»

ፍሎይድ ኮሊንስ በዘመኑ የታወቀ ዋሻ አሳሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ብቻውን ገብቶ፣ የወደቀ ድንጋይ እግሩን ያዘው። አዳኞች ሊያወጡት ሳይችሉ እዚያው ሞተ። ክለቦች ቢያንስ አራት ሰው የሚሉት ለዚህ ነው፦ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሁለቱ ተያይዘው እርዳታ ይጠራሉ። ውጭም የመመለሻ ሰዓታችሁን የሚያውቅ ሰው ይኑር። ሰዓቱ ካለፈ «ትንሽ ልጠብቃቸው» ሳይል የሚደውል ሰው ምረጡ።

«አንድ ጊዜ ብነካው ምን ይሆናል?»

ከጣሪያው የተንጠለጠሉት የድንጋይ ጌጦች ብዙ ጊዜ በመቶ ዓመት ከአንድ ሁለት ሴንቲሜትር በላይ አያድጉም። የእጅ ቅባት ድንጋዩን ያጠቁራል፣ አዲሱ ማዕድንም እንዳይያዝ ያደርጋል። መንካቱ ይቅርና ትንፋሽም ይጎዳል። በጥንታዊ ሥዕሎቹ የሚታወቀው የፈረንሳዩ ላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1963 ለጎብኚ የተዘጋው፣ የሰው ትንፋሽና እርጥበት ሥዕሎቹን እያበላሸ ስለነበር ነው።

«የሌሊት ወፍ ፀጉር ላይ ትጣበቃለች»

አትጣበቅም። የሚያሳስበው እኛ በእነሱ ላይ የምናደርሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በሰሜን አሜሪካ አንድ የፈንገስ በሽታ ሚሊዮን የሌሊት ወፎችን ፈጅቷል፤ ፈንገሱ በጫማና በልብስም ከዋሻ ዋሻ ይጓዛል። ስለዚህ ዕቃ በየጉዞው መታጠብና መድረቅ አለበት። በብርዱ ወራት ረጅም እንቅልፍ ላይ ያሉትን መቀስቀስም የቋጠሩትን ስብ ያስጨርሳቸዋል።

«ክለቦች የዋሻውን ቦታ የሚደብቁት ለራሳቸው ብለው ነው»

ቦታው በየስልኩ ሲዞር መጀመሪያ የሚደርሰው ያለ ሄልሜት የመጣ ሰውና ስም መጻፊያ ቀለም ነው። መግባት የሚፈልግ ጀማሪ ግን በር አይዘጋበትም። ብዙ ክለቦች ቀለል ያለ ዋሻ መርጠው፣ ሄልሜትና መብራት አውሰው ይወስዱታል።