መደበኛ ገቢና የማዘጋጃ ቤት ገቢ

ደሴ ላይ ሱቅ ከፍቶ የትርፍ ግብር የሚከፍል ግለሰብ ነጋዴ ገንዘቡ በቀጥታ ለከተማው አስፋልት የሚውል ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ይህ ግብር የክልሉ በመሆኑ በመደበኛ ገቢነት ይመዘገባል፤ ለከተማውም የሚደርሰው በክልሉ የበጀት ድልድል በኩል ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ የትርፍ ግብሩ የፌዴራልና የክልል የጋራ ነው።

የከተማው የራሱ የሚባለው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የተጣለው የቤት ግብር (በተለምዶ ጣሪያና ግድግዳ የሚባለው)፣ የገበያ መደብ ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከሁሉም በላይ ሊዝ ይገኙበታል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሊዝ ጨረታ አሸናፊ ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶውን በቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በየዓመቱ ይከፍላል፤ በተራራ ለተከበበችው ደሴ ግን የሚሸነሸን መሬት እንደልብ አይገኝም።