የኢንዶኔዥያ የነፃነት ጦርነት (1945–1949)

ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እጅ በሰጠች በሁለተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1945፣ የነፃነት ንቅናቄው መሪዎች ሱካርኖና ሞሐመድ ሃታ ጃካርታ ላይ የኢንዶኔዥያን ነፃነት አወጁ። መሪዎቹ መጀመሪያ አመንትተው ነበር። ወጣቶቹ ግን በዋዜማው ከከተማ አውጥተው ወሰዷቸው፤ ዛሬ ነገ እንዳይሉም ወጥረው ያዟቸው።

የቀድሞዋ ገዢ ኔዘርላንድስ አዋጁን አልተቀበለችም። ቁጣው ቀድሞ የፈነዳው በወደቧ ከተማ በሱራባያ ነው። ሴፕቴምበር 19 ቀን ደቾች (የኔዘርላንድስ ሰዎች) በአንድ ሆቴል አናት ላይ ባለ ሦስት ቀለም ባንዲራቸውን ሰቀሉ። ወጣቶች ጣሪያው ላይ ወጥተው ከታች ያለውን ሰማያዊ ጨርቅ ቀደዱት። ቀይና ነጩ ቀረ፤ እሱ ደግሞ የኢንዶኔዥያ ባንዲራ ነው! በኖቬምበር በዚያው ከተማ፣ የጃፓንን ጦር ትጥቅ ለማስፈታት የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዛዡ ብርጋዴር ማላቢ ከተገደሉበት በኋላ በምድር፣ በባሕርና በአየር ጥቃት ከፈተ። ከተማዋ ብትወድም ውጊያው የተጀመረበት ኖቬምበር 10 ዛሬ የጀግኖች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ከዚያ በኋላ በኔዘርላንድስና በኢንዶኔዥያ ሪፐብሊክ መካከል የሊንጋርጃቲና የሬንቪል ስምምነቶች ተፈረሙ፤ ሁለቱም ፈረሱ። ደቾች በ1947 እና በ1948 ሁለት ትላልቅ ዘመቻዎች ከፈቱ። በዲሴምበር 1947 ወታደሮቻቸው በራዋገዴ መንደር ወንዶቹን ረሸኑ። የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት መንግሥቱን ተጠያቂ ያደረገው በ2011 ነው። እጅግ የዘገየ ፍትሕ ነው።

ዲሴምበር 19 ቀን 1948 የሪፐብሊኩ ዋና ከተማ ዮግያካርታ ተያዘች፤ ሱካርኖና ሃታም ተማረኩ። ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። ግን ሱማትራ ላይ በሻፍሩዲን ፕራዊራኔጋራ የሚመራ የአስቸኳይ ጊዜ መንግሥት ተቋቋመ። የሪፐብሊኩ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሱዲርማን ደግሞ ጫካ ገቡ። የሳንባ ነቀርሳ አድክሟቸው፣ የሚሠራላቸው አንድ ሳንባ ብቻ ነበር። መራመድ ሲያቅታቸው ወታደሮቻቸው በወንበር ተሸክመው ከተራራ ተራራ ያዞሯቸው ነበር። እሳቸው ግን ወራት ሙሉ የሽምቅ ውጊያውን መሩ። ማርች 1 ቀን 1949 ተዋጊዎቹ ዮግያካርታን ለስድስት ሰዓት ያህል ያዙ። ሪፐብሊኩ እንዳልሞተ ዓለም አየ።

ጦርነቱን የጨረሰው ጠመንጃ ብቻ አይደለም። የአውስትራሊያ የወደብ ሠራተኞች ገና በ1945 የደች መርከቦችን አንጭንም ብለው ነበር። በኋላም የፀጥታው ምክር ቤት ግፊት አደረገ፤ አሜሪካም ለኔዘርላንድስ የምትሰጠውን እርዳታ እንደምታቋርጥ አስጠነቀቀች። ሄግ ላይ ከተደረገው ድርድር በኋላ፣ ዲሴምበር 27 ቀን 1949 ሉዓላዊነት ተላለፈ። ሱዲርማን ወር አለፍ ብሎ በ34 ዓመታቸው አረፉ።

ድርድሩ ዋጋ አስከፍሏል። አዲሲቱ አገር የቅኝ ግዛቱን አስተዳደር ከባድ ዕዳ ተሸከመች። ምዕራብ ፓፑዋም በደቾች እጅ ቆየ፤ የሱ ጉዳይ እስከ 1960ዎቹ ሁለቱን አገሮች ሲያናክስ ኖሯል።