የዲስቶፒያ ልቦለዶችና የዛሬው ኑሮ

ዲስቶፒያ የሚባለው የልቦለድ ዘርፍ፣ ሰው ያቆመው ሥርዓት ተመልሶ ሰውን ሲያደቅ የሚታይበትን ምናባዊ ማኅበረሰብ ይስላል። ስለ ዘርፉ በአማርኛ የተጠናቀረ ጽሑፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ይህ ዳሰሳ ዋና ዋናዎቹን ሥራዎች ካሁኑ ዘመን ጋር አያይዞ ያቀርባል። ዓመቶቹ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዘርፉን መልክ ካስያዙት ቀዳሚው ሩሲያዊው የመርከብ መሐንዲስ የቭጌኒ ዛሚያቲን ነው። በ1920 እና በ1921 በጻፈው «እኛ» በተሰኘው ልቦለድ ውስጥ ሰዎች ስም የላቸውም፤ ባለታሪኩ የሚታወቀው በቁጥር፣ ዲ-503 ተብሎ ነው። ሁሉም በመስታወት ቤት ይኖራሉ፤ መጋረጃ መጋረድ የሚቻለውም በተፈቀደ ሰዓት ብቻ ነው። መጽሐፉ በአገሩ ታግዶ በ1924 ኒውዮርክ ውስጥ በእንግሊዝኛ ታተመ፤ የሶቪየት አንባቢ እጅ የገባው በ1988 ነው። ከዛሚያቲን በፊት ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1909 በአንድ አጭር ልቦለዱ፣ ከምድር በታች በየክፍላቸው ተዘግተው በማሽን አማካይነት ብቻ የሚተያዩ ሰዎችን ስሏል። አልዶስ ሃክስሊ ደግሞ በ1932 ባሳተመው ሥራ ሕዝቡን በዱላ ሳይሆን በደስታ ክኒን የሚገዛ መንግሥት አሳየ።

የዘርፉ ቁንጮ ግን ያለጥርጥር የጆርጅ ኦርዌል «1984» ነው። በ1903 ሕንድ ውስጥ የተወለደው ኦርዌል (እውነተኛ ስሙ ኤሪክ ብሌየር ነው) በበርማ ለአምስት ዓመት የቅኝ ግዛት ፖሊስ ነበር። በ1937 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጉሮሮውን በጥይት ተመታ። አብረውት የተሰለፉት ሚሊሻዎች በኮሚኒስት ጋዜጦች የፋሺስት ተላላኪ ተብለው ሲጻፍባቸውም አየ፤ ያልሆነው እንደሆነ፣ የሆነው እንዳልሆነ ተደርጎ ሲታተም የተሰማው ድንጋጤ በኋላ ሥራዎቹ ሁሉ ይንጸባረቃል። ከ1941 እስከ 1943 ቢቢሲ ወደ ሕንድ በሚያስተላልፈው ስርጭት ሠራ፤ የሚያዘጋጀውም በሳንሱር ያልፍ ነበር። ባለቤቱ አይሊንም በጦርነቱ ጊዜ በሳንሱር ክፍል ሠርታለች። የእንግሊዝ የማስታወቂያ ሚኒስቴር የተቀመጠበት የለንደን ዩኒቨርሲቲ ሴኔት ሃውስ ሕንፃ፣ በልቦለዱ የቆየ መዝገብ እያጠፋ እንደ አዲስ ለሚጽፈው «የእውነት ሚኒስቴር» መነሻ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ኦርዌል መጽሐፉን የጻፈው በስኮትላንዷ ጁራ ደሴት፣ ሳንባ ነቀርሳ እያደከመው ነው። መጽሐፉ ሰኔ 8 ቀን 1949 ወጣ፤ ደራሲው ከሰባት ወር በኋላ፣ በ46 ዓመቱ አረፈ።

ከዛሚያቲን ቀድቷል የሚሉ አሉ። ኦርዌል «እኛ»ን አንብቦ በጥር 1946 ሂስ እንደጻፈበት እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የራሱን ልቦለድ ማሰላሰል የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሆነ ክሱ ብዙም አይጸናም።

«1984»ን ከዛሬ ጋር የሚያነጻጽሩ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጀምሩት ከቴሌስክሪኑ ነው፦ እያሳየ ከሚያየው፣ እያሰማ ከሚሰማው የግድግዳ መሣሪያ። ሆኖም በልቦለዱ ከሕዝቡ 85 በመቶ የሚሆኑት ፕሮሎች (ተራው ሠርቶ አደር)፣ አብዛኞቹ ቤታቸው ቴሌስክሪን እንኳ የላቸውም። ክትትል የሚደረግበት የገዢው ፓርቲ አባል ነው፤ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ መታየቱ እርግጥ አይደለም፤ መቼ እንደሚታይ ግን አያውቅም። ባለታሪኩ ዊንስተን ስሚዝ ማስታወሻውን የሚጽፈው መሣሪያው በማያየው የክፍሉ ጥግ ተቀምጦ ነው።

በእውነተኛው ዓለምም ክትትል የሰው ጉልበት ይጠይቅ ነበር። የምሥራቅ ጀርመኑ የምስጢር ፖሊስ ሽታዚ በ1989 ወደ 91,000 የሚጠጉ ቋሚ ሠራተኞች ነበሩት፤ ጆሮ ጠቢዎቹ ከ170,000 ይበልጡ ነበር። ትቶት የሄደው መዝገብ ቢደረደር 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሰኔ 2013 የኮንትራት ሠራተኛ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች ግን የአሜሪካው የደኅንነት ተቋም የሚሊዮኖችን የስልክ ጥሪ መዝገብ በጅምላ ይሰበስብ እንደነበር አሳዩ። ከመዝገቡ ባለቤቶች አብዛኞቹ በምንም ያልተጠረጠሩ፣ በኦርዌል አነጋገር ፕሮሎች ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ልቦለዱ ዞር ብሎ ያላያቸውን ሰዎች የዛሬው ማሽን አይዘላቸውም። መሣሪያውን ደግሞ ገዝተን፣ ቻርጅ አድርገን ይዘነው የምንዞረው እኛው ነን።

ሰዎችንና ድርጅቶችን በታማኝነታቸው ስለሚመዝነው የቻይና «የማኅበራዊ እምነት» ሥርዓት ብዙ ተጋንኖ ተጽፏል። በ2014 የወጣው ዕቅድ ለእያንዳንዱ ዜጋ አንድ ብሔራዊ ነጥብ አልሰጠም፤ ነጥብ የሞከሩ ከተሞች ግን አሉ። የፍርድ ቤት ዕዳ ያልከፈሉ ሰዎችም ስማቸው በጥቁር መዝገብ ሰፍሮ የአውሮፕላንና የፈጣን ባቡር ትኬት እንዳይገዙ ይታገዳሉ።

መዝገብ ማጥፋትን በተመለከተ ከሐምሌ 2009ኙ ክስተት የሚስተካከል የለም። አማዞን ኩባንያ፣ መብቱ በሌለው አሳታሚ ተሽጠዋል ያላቸውን መጻሕፍት ከገዢዎቹ ኪንድል (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋ፤ ከመጻሕፍቱ አንዱ ራሱ «1984» ነበር። ገንዘቡ ተመልሷል፤ የኩባንያው ኃላፊም በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ኦርዌል ያን ቀን በሕይወት ቢኖር ምን ይጽፍ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከእኛ ደራሲያን መነሳት ያለበት በዓሉ ግርማ ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» መጪ ዘመንን አይተነብይም፤ ጊዜው ያኔ፣ ቦታው አሥመራ ነው። ነገር ግን በዓሉም እንደ ኦርዌል የፕሮፓጋንዳውን ማሽን ከውስጥ ያውቀዋል፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻንም በቦታው ተገኝቶ አይቷል። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ታላቁ ደራሲያችን በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ይህ በአውሮፓ አቆጣጠር 1984 መሆኑ ከአጋጣሚ የዘለለ ትርጉም የለው ይሆናል።

በኋለኛው ዘመን፣ አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ2014 ኪዳኔ በሚል ስውር ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው፣ በኢሜይል የደረሰው ፋይል ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ፣ የስካይፕ ንግግሩንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ለወራት ወደ ኢትዮጵያ ሲልክ ነበር። በመጋቢት 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘጋው፤ ስለላው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን አልዳኘም። ውሳኔው በእንዲህ ዓይነት የጉዳት ክስ የውጭ መንግሥት ሊከሰስ የሚችለው ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ ሲፈጸም ብቻ ነው የሚል ሲሆን፣ የሶፍትዌሩ ላኪ ግን ከአገር ውጭ ነበር።