ዳዊት በጺቅላግ፦ የሚጎዳ መሸሸጊያና የሚያድን መጽናናት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በችግር ጊዜ የምንሸሽበት ስፍራ ገና ከሩቁ ኃጢአት አይመስልም፤ ብዙውን ጊዜ ብልሃት ይመስላል። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 27 ዳዊት አንድ ቀን በሳኦል እጅ እንደሚጠፋ በልቡ አስቦ ወደ ፍልስጥኤማውያን ምድር ተሻገረ። ቀደም ሲል በቅዒላ ከተማ እግዚአብሔርን ደጋግሞ የጠየቀው ይህ ሰው፣ በዚህ ጊዜ እንደ ጠየቀ አልተጻፈም። ዕቅዱም ሠራለት፤ ሳኦል ማሳደዱን ተወ። ይሁን እንጂ በዚያ በቆየበት 1 ዓመት ከ4 ወር ለንጉሡ ለአንኩስ መዋሸት ነበረበት፤ ውሸቱ እንዳይገለጥም በወረራቸው ስፍራዎች ወንድም ሴትም በሕይወት አላስቀረም።

ጎጂ መሸሸጊያ ጠባዩ ይኸው ነው፦ የፊተኛውን ጭንቀት በእርግጥ ያስታግሣል፣ ነገር ግን ራሱን ለማቆየት ሌላ ጥፋት ይጠይቃል። መጠጡ ውሸትን፣ ውሸቱም ከሚወዱን ሰዎች መራቅን ያስከትላል። ጸሎትም ቢሆን መደበቂያ ሊሆን እንደሚችል ሳንሸሽግ እንናገር፤ የበደለውን ወንድሙን ይቅርታ ላለመጠየቅ ሱባኤ የሚገባ ሰው፣ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለውን የጌታን ቃል አልፎ ሄዷል።

በምዕራፍ 30 አንኩስ ለዳዊት የሰጠው ከተማ ጺቅላግ በአማሌቃውያን ተቃጥላ፣ ሚስቶችና ልጆች ተማርከው፣ የገዛ ሰዎቹ ሊወግሩት ሲነጋገሩ ዳዊት ከሕዝቡ ጋር ለማልቀስ ኃይል እስኪያጣ ድረስ አለቀሰ። ልቅሶው የእምነት ማነስ ተብሎ አልተነቀፈም፤ በአምላኩ የበረታውም ካለቀሰ በኋላ ነው። ቀጥሎ ካህኑን አብያታርን ኤፉዱን፣ ማለትም እግዚአብሔርን ለመጠየቅ የሚያገለግለውን የክህነት ልብስ፣ እንዲያቀርብለት ጠየቀ፤ «ልከተላቸውን?» ብሎም እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ መልሱን ሲያገኝ ተነሥቶ ሄደ። ሐዘኑን አልካደም፣ በሐዘኑም ውስጥ ተቀምጦ አልቀረም።

ሳኦልም በዚያው ሰሞን ፈርቶ ጠይቆ ነበር። እግዚአብሔር በሕልምም፣ ካህናት ፈቃዱን በሚጠይቁበት በኡሪምም፣ በነቢያትም ባልመለሰለት ጊዜ ግን ዝምታውን መታገሥ አቅቶት፣ እርሱ ራሱ ከምድሪቱ ወዳጠፋቸው መናፍስት ጠሪዎች ልብሱን ለውጦ በሌሊት ሄደ። ራሳችንን ለውጠን፣ ማንም እንዳያውቀን ተጠንቅቀን የምንሄድበት መፍትሔ ሁሉ ቆም ብለን ልንመረምረው የሚገባ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉ 200 ሰዎች አሉ። ከዳዊት 600 ተከታዮች መካከል እነዚህ እጅግ ስለ ደከሙ የቦሦርን ወንዝ መሻገር አቅቷቸው ከዕቃው ጋር ቀሩ። ድል አድርገው ከተመለሱት አንዳንዶቹ ለእነርሱ ከምርኮው እንዳይሰጥ ተከራከሩ፤ መጽሐፉ ተከራካሪዎቹን ምን ብሎ እንደ ጠራቸው ቁጥር 22ን ማንበብ ነው። ሐዘን እንቅልፍና ምግብ የነሳው ምእመን ወደ ሐኪም ወይም ወደ አማካሪ ሲሄድ «እምነትህ የት አለ?» የምንል እኛም ይህን ክርክር እየደገምን ነው። ዳዊት ግን ወደ ሰልፍ የወረደውና ከዕቃው ጋር የተቀመጠው እኩል ይካፈሉ አለ፤ ለእስራኤልም ሥርዓት አድርጎ ደነገገው።