ፕሌይስቴሽን ቤትና የቤት ኮምፒውተር፦ ጌም በመሀል አዲስ አበባ

ጌም ለመጫወት ኮምፒውተር ይሻላል ወይስ ፕሌይስቴሽን? ሌላው ዓለም ይሄን ሲከራከር የሚያነሣው የምስል ጥራትና ዋጋ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማው መሀል ግን ሁለቱን መጀመሪያ የሚለያቸው ሌላ ነገር ነው። ፕሌይስቴሽን ሰፈር ወጥተው ተራ ጠብቀው የሚጫወቱት ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ቤት ዘግተው። ግራፊክሱም ጆይስቲኩም ማውሱም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት።

"ኮንሶል" የሚለውን ቃል፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን ማለት ነው፣ ሰፈር ውስጥ የሚጠቀም ሰው አላውቅም። ሁሉም ፕሌይስቴሽን ነው፣ ሲያጥር ፒኤስ። ኤክስቦክስ የሚባለውን ሌላ ኮንሶል የገዛ አንድ ጓደኛዬ እንኳ ማስረዳቱ ሲሰለቸው "ፕሌይስቴሽን አለኝ" ማለት ጀምሯል።

በዕድሜ ከሆነ ኮምፒውተር ይቀድማል። "ስፔስዋር" የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ውስጥ ሲሠራ የሚጫወቱበት ኮምፒውተር ቁም ሳጥን ያክል ነበር። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው የመጀመሪያው የቤት መጫወቻ፣ ማግናቮክስ ኦዲሲ፣ የመጣው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ሶኒ ፕሌይስቴሽንን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው በ1994 መጨረሻ ላይ ሲሆን ፒኤስ ቱ በ2000 ተከተለ። ፒኤስ ቱ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። የኔ ዕድሜ የአዲስ አበባ ልጆች ጌም የለመድነው በእሱ ነው።

ፒኤስ ቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነበር፣ እሱም የራሱ ጣጣ ነበረው። የአሜሪካው ፒኤስ ቱ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የኛ መብራት ደግሞ 220 ነው። እኛ ግቢ አንድ ልጅ አክስቱ ከዋሽንግተን ያመጣችለትን በደስታ ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ አንድም ጌም ሳይጫወት ሽታውን ብቻ አሽትቶ ቀረ። ትራንስፎርመር የሚባል ነገር መኖሩን ግቢው በሙሉ የተማረው ያን ቀን ነው። የኋለኞቹ፣ ፒኤስ ፎርም ሆነ ፒኤስ ፋይቭ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ይሄ ጣጣ የለባቸውም።

ፕሌይስቴሽን ቤት ማለት ብዙ ጊዜ አንዲት ክፍል ናት፣ በሯ ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለባት። ውስጥ ሦስት አራት ቴሌቪዥን፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር ወይ ዱካ። ሂሳቡ ኳስ ከሆነ በጌም ነው፣ ሌላ ከሆነ በሰዓት። ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። ሕጉ ከፕሌይስቴሽን ጋር የመጣ አይደለም፤ ጆተኒና ፑልም ላይ ያው ነበር፣ እንጨቱ በስክሪን ተተካ እንጂ። ጎበዝ ልጅ የአንድ ጌም ሂሳብ ብቻ ይዞ ገብቶ እስኪመሽ ይጫወታል፣ ያቺንም ሳይከፍል ይወጣል። ኮምፒውተር ይሄንን አይሰጥም። ኮምፒውተር ሙሉ ዋጋው መጀመሪያ ይከፈላል፣ ፕሌይስቴሽን ግን ተቆራርሶ በጌም በጌም ይሸጣል። የመሀል ከተማውን ልጅ የያዘው ይሄ ይመስለኛል።

እኔ የማዘወትረው አራት ኪሎ ጀርባ ያለ አንድ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሂሳብ የሚይዘው በደብተር ነበር፣ ለእያንዳንዱ ጌም አንድ ጭረት፣ አምስተኛው ላይ አግድም ሰረዝ። ከሁለተኛው ቲቪ ጆይስቲኮች አንዱ ታሞ ነበር፤ ግራ እጅ ላይ ያለችው ማዞሪያ ማንም ሳይነካት ወደ ላይ ስለምትገፋ፣ ተከላካይህን ዝም ካልከው ተነሥቶ ወደ ኮርነር ይሄዳል። ደንበኛው ሁሉ ያውቃት ነበር። ስለዚህ ሳንቲም የሚጣለው ቡድን ለመምረጥ ሳይሆን ጆይስቲክ ለመምረጥ ነበር። አንድ ቀን 2 ለ 1 እየመራሁ፣ 80ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ማን ይክፈል? ልጁ "ጌሙ አላለቀም" አለ፣ እኔ "እየመራሁ ነበር" አልኩ፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ዳኛ ሆነ። ባለቤቱ በስልኩ መብራት ደብተሩን አየት አደረገና "ግማሽ ግማሽ" ብሎ ዘጋው። ከፈልኩ፣ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ለምን ኳስ? ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አርሴናልና ማንቼ ተጫውተው እንዳለቀ ጎረቤት ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ይሞላል፣ የተሸነፈው ደጋፊ በጆይስቲክ ሊበቀል ነው። ኢኤ የሚባለው ድርጅት የሚሠራው የኳስ ጌም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ፊፋ ሲባል ቆይቶ በፊፋ 23 አበቃ፤ ድርጅቱ ከፊፋ ጋር ስለተለያየ ከ2023 ወዲህ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ነው። ሰፈር ይሄ ወሬ አልደረሰውም፣ ዛሬም ፊፋ ነው የሚባለው። ብዙ ሰው የማያስተውላት ሌላም ነገር አለች፦ ፒኤስ ፋይቭ በ2020 ከወጣ በኋላ ፊፋ 21 እና ፊፋ 22 ኮምፒውተር ላይ የመጡት በፒኤስ ፎሩ ደረጃ ነው። አዲሱን አጨዋወት ኮምፒውተር ያገኘው በፊፋ 23 ነው። ውድ ኮምፒውተር ገዝቶ ሁለት ዓመት የድሮ ኳስ የተጫወተ ሰው አለ ማለት ነው፣ ሙድ ቢያዝበት አይገርምም።

ተኩስ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማውስ ይዞ ማነጣጠርና በአውራ ጣት ማነጣጠር አንድ አይደሉም። ለዚህም ነው የኮንሶል ጌሞች ዒላማውን ትንሽ እየሳቡ የሚያግዙት። ድሮ ኢንተርኔት ካፌዎች ውስጥ ካውንተር ስትራይክ 1.6 የሚነግሠው ሌላም ምክንያት ነበረው፤ የካፌውን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ በሚያገናኘው መስመር ("ላን" በሚባለው) ስለሚያጫውት ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ደካማ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። ኢሜይል ሊያይ የገባ ሰው ከኋላው "ራውንዱን አበላሸኸው!" ሲባል እየሰማ ነበር የሚጽፈው። ኢንተርኔቱ ወደ ስልክ ሲገባ ካፌዎቹ ኮፒና ፕሪንት ቤት ሆኑ፣ ተኳሹም ወደየቤቱ ገባ።

ዛሬ ቤት ውስጥ ጥሩ ኮምፒውተር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ለጌም ብሎ አልገዛውም፣ ቢያንስ ለቤተሰብ የተነገረው እንደዚያ ነው። "ለአውቶካድ ነው"፣ "ለኤዲቲንግ ነው"። ውሸትም አይደለም፤ ቀን የሠርግ ቪዲዮ የሚቆርጠው ግራፊክስ ካርድ ማታ ጌም ያጫውታል። ፕሌይስቴሽን ይሄንን ማድረግ አይችልም፣ ውስጡ ሲታይ ግን ከኮምፒውተር ብዙም አይርቅም። ከፒኤስ ፎር ጀምሮ ሶኒ የሚጠቀመው ፕሮሰሰር ኤኤምዲ የሚባለው ድርጅት ሥራ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ካለው ጋር አንድ ዘር። ሶኒ ቆልፎ ስለሚሸጠው ብቻ ነው የሚለየው። ኮምፒውተር ቁልፍ የለውም፣ ዛሬ ራም ትጨምራለህ፣ ዕቁብ ሲደርስህ ካርድ ትቀይራለህ።

ዋጋውን ዶላር ነው የሚወስነው። ፒኤስ ፋይቭ ሲወጣ ባለ ዲስኩ 499 ዶላር ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ዶላር 57 ብር አካባቢ ስለነበር ሂሳቡ 28 ሺህ ብር ገደማ ይመጣል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ሲያልፍ ያው ዕቃ 50 ሺህ ሆነ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይነካው። ጌሙም በዶላር ነው። የሶኒው ኔትወርክ አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ ስለሌለች ሰው የሌላ አገር መርጦ ይገባል። ኮምፒውተር ላይ ስቲም የሚባለው የጌም መሸጫ ያለ ችግር ይከፈታል፣ ግን ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይምጣ? ውጭ ያለ ወንድም እዚህ ጋ ይጠቅማል። ኢንተርኔት ላይ መጫወት ደግሞ ለሁለቱም ያው ነው፤ ጌሙን የሚያገናኙት ሰርቨሮች ብዙዎቹ አውሮፓ ናቸው፣ ቅርብ ቢባል ዱባይ ነው፣ ከርቀቱ የተነሣ ስለሚዘገይ አንተ ስትተኩስ ተጋጣሚህ ቀድሞ አይቶሃል።

መብራት ላይ ላፕቶፕ ያሸንፋል፣ ባትሪ አለው። ዴስክቶፕና ፕሌይስቴሽን ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ከሌላቸው እኩል ናቸው፤ ሴቭ እያደረጉ ሳለ ከጠፋ የሳምንት ልፋት ሊሄድ ይችላል።

ጄልብሬክ የሚባለው፣ የሶኒን ቁልፍ የመስበር መንገድም አለ። የተከፈተ ፒኤስ ጌሙን ከሃርድ ዲስክ ያጫውታል፣ ዲስክ መግዛት የለም። ኦንላይን ግን አይታሰብም፣ ሶኒ ካወቀ ያግዳል። አንዳንድ ጌም ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ማውረዱ ራሱ ሥራ ነው። የአራት ኪሎው ባለ ደብተር ሰውዬ ለዚህ ብሎ ጥግ ላይ አሮጌ ዴስክቶፕ አስቀምጦ ነበር። ሌሊት በሌሊት ጥቅል ታወርዳለች፣ ጠዋት ወደ ሃርድ ዲስክ ትገለብጣለች። ቀን ቀን ደንበኛው እየተጯጯኸ አራቱም ቲቪ ላይ ኳስ ሲጫወት ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶ እሷ ላይ ሶሊቴር ይጫወታል።