በስትሮክ ተሐድሶ ሕክምና የአእምሮ ተግባር ችግሮችና የታካሚው ተሳትፎ

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲታገድ ወይም የደም ሥር ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ የሚከሰት ሕመም ነው። ቤተሰብ ቀድሞ የሚያየው የዛለውን እጅና የተጣመመውን አፍ ነው። ትኩረት፣ ማስታወስ፣ ማቀድና ቋንቋ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ከውጭ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ስሙ ይለወጥና “ሰነፈ”፣ “እልኸኛ ሆነ” ይባላል።

የተሐድሶ ሕክምና ታካሚው ካልሠራበት ውጤት የለውም። የእንክብል መድኃኒት በግድም ቢዋጥ ይሠራል፤ መራመድን እንደገና መማር ግን ብዙ ድግግሞሽ ይፈልጋል። በ2023 የወጣው የብሪታንያና የአየርላንድ የስትሮክ መመሪያ የሚመክረው በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 5 ቀን ነው። ለዚህ ሁሉ ትእዛዝ መከተል፣ የትናንቱን ማስታወስና ድካምን መቻል ያስፈልጋል፤ የተጎዳው ደግሞ እነዚህን የሚያከናውነው አንጎል ራሱ ነው።

በተለይ የቀኙ የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ታካሚው የግራ ጎኑን ዓለም ሊዘነጋ ይችላል። ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ ብቻ ይበላል፤ ሰዓት እንዲስል ሲጠየቅ ቁጥሮቹን ሁሉ በቀኝ በኩል ይደረድራል። በ1978 ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ኤዶአርዶ ቢሲያክና ክላውዲዮ ሉዛቲ እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን የሚላንን ካቴድራል አደባባይ በሐሳባቸው እንዲገልጹ ጠየቁ። ታካሚዎቹ ፊታቸውን ወደ ካቴድራሉ አዙረው እንደቆሙ ሲያስቡ በቀኝ ያሉትን ሕንፃዎች ጠሩ፤ ለካቴድራሉ ጀርባቸውን ሰጥተው እንደቆሙ ሲያስቡ ግን ቅድም የዘለሏቸውን ጠርተው የጠሯቸውን ዘለሉ። ትዝታው ሁሉ አለ፤ የጠፋው ወደ ግራ የሚሄደው ትኩረት ነው። እንግዲህ በግራው ቆሞ ለሚያዘው ባለሙያ ምላሽ ያልሰጠ ታካሚ አሻፈረኝ አለ ማለት ይከብዳል።

ሌላው የባሰ እንቆቅልሽ ነው። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ጆሴፍ ባቢንስኪ በ1914 ግማሽ አካላቸው ሽባ መሆኑን የማያውቁ ሕመምተኞችን ገልጾ ለሁኔታው ስም አወጣለት። ክንዱ ደህና የሚመስለው ሰው ለምን ብሎ ይለማመዳል? ክርክር እምብዛም አይጠቅምም፤ የታሰበውን ሥራ እንዲሞክርና ውጤቱን ራሱ እንዲያይ በጥንቃቄ ማገዝ ይሻላል።

ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ታካሚዎች አንዱን ገደማ ድባቴ ይይዘዋል። ከድባቴ የሚለየው የተነሳሽነት ማጣትም ብዙ ነው፦ ታካሚው አያዝንም፣ አያማርርም፣ ካላነሱት ግን አይነሳም። መናገርና መረዳት የተቸገረው ደግሞ ያልገባውን ሁሉ በአዎንታ ይነቀንቃል። ስለዚህ “ገባህ?” ከማለት “እስቲ አሳየኝ” ማለት ይበልጣል።

በተግባር የሚረዳው ቀላል ነገር ነው፦ ጸጥ ያለ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ፣ አጭር ልምምድ፣ የተሠራው የሚጻፍበት ደብተር። ግቡም የታካሚው ራሱ ይሁን። “የጣት ጡንቻን ማጠናከር” የባለሙያ ግብ ነው፤ “ሸሚዜን ራሴ መቆለፍ” ግን ጠዋት ከአልጋ ያስነሳል። አስታማሚው ቸኩሎ ሲቆልፍለት የሚቀረው ይኸው ልምምድ ነው።

የታካሚን ተሳትፎ በነጥብ የሚመዝኑ ቅጾች አሉ። ቅጹ ግን ምክንያቱን አይናገርም፤ ያው ዝቅተኛ ነጥብ ከድካም፣ ከድባቴ፣ ከመርሳት ወይም ትእዛዙን ካለመረዳት ሊመጣ ይችላል፤ ለእያንዳንዳቸው የሚደረገውም የተለያየ ነው።