ኤንፒኤስ ዳፕ አይደለም፤ ዩሪያስ ለምን በሁለት ጊዜ ይበተናል?

አንዳንድ ገበሬ ኤንፒኤስ የተባለውን ማዳበሪያ በሌላው ማዳበሪያ ስም «ዳፕ» ይለዋል። ጆንያው ይመሳሰላል፣ ይዘቱ ግን ይለያል። በ100 ኪሎ ዳፕ ውስጥ 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት አለ፤ በኤንፒኤስ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ። ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ብቻ ነው፣ 46 ከመቶ።

የግብርና ልማት ሠራተኛው «በሄክታር አንድ ኩንታል» ካለ፣ ለሩብ ሄክታር የሚደርሰው 25 ኪሎ፣ ማለትም የ50 ኪሎው ጆንያ ግማሽ ነው። «ጥማድ» የሚባለው የመሬት ልክ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በገመድ ይለኩ፤ 50 ሜትር በ50 ሜትር ሩብ ሄክታር ነው።

ኤንፒኤስ ሙሉው በዘር ወቅት ይገባል። በፎስፌቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ሥሩ አጠገብ መገኘት አለበት። ዩሪያ ግን ቶሎ ይባክናል፦ ደረቅ አፈር ላይ ተበትኖ ከቀረ ወደ አየር ይተናል፣ ውሃ በተኛበት መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይም ናይትሮጅኑ ይጠፋል። ስለዚህ ለስንዴ ከፊሉ በዘር ጊዜ፣ ቀሪው ቡቃያው ቅርንጫፍ ሲያወጣ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ አፈሩ እርጥብ እንዳለ ይበተናል። አረም መንቀሉ ግን ይቅደም፤ አለዚያ የሚቀለበው ሙጃው ነው።